ታቦቱ ከገባ ቆይቷል፤ መስመሩን ይልቀቁልን

አዲስ አበባ፣ ሰኔ ፳፻፱ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ረታ
የሰፊ መስመር ኢንተርኔት አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ሩዋንዳ ሰፈር፣ ባለ መስታወቱ ሕንፃ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ በተለይም ዘንድሮ በታላቅ ድግስ ያስመረቁት ሶፍትዌርዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ በኩል ከደሪቱ ቀኝ እጅ በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን።

እኔ መገናኛ ከታክሲ ተራው ጀርባ አንድ አነስተኛ የሲቲ ስካን ማዕከል የማስተዳድር ደንበኛዎ ነኝ። ምስሉን የምናነሳው እኛ ነን፤ የሚያነበው ግን እዚሁ ቅርብ ሃያ ሁለት ሰፈር የሚሠራው ዶክተር አረጋዊ ስለሆነ ምስሉ ወደ እሱ የሚሄደው በእርስዎ መስመር ነው። እሱ ሳያነበው ደግሞ የትኛውም ሆስፒታል ሕክምና አይጀምርም። ይህን የምነግርዎ ድርጅትዎ «ሌሎች» በሚል ስም ከመደባቸው ደንበኞች አንዷ በመሆኔ ሥራችንን ምናልባት ባያውቁት ብዬ ነው።

የካቲት ላይ በሆቴሉ አዳራሽ ስላደረጉልን ግብዣ እስከ ዛሬ አመስግኜ አልጠገብኩም። ክትፎው ጥሩ ነበር፤ ንግግርዎ ደግሞ ከክትፎውም ይበልጥ ነበር። ቀድሞ በየመስቀለኛው ያለው የኔትወርክ ዕቃ ጭነቱን በየት በኩል እንደሚልክ በየራሱ ይወስን እንደነበር፣ ከእንግዲህ ግን ሩዋንዳ የተቀመጠ አንድ ሶፍትዌር ሁሉንም ከላይ እያየ እንደሚያዝዝ አስረዱን። የመገናኛን ትራፊክ ፖሊሶች በሙሉ አሰናብቶ አንድ ሰው ከቢሮው ሆኖ መኪናውን ሁሉ በስክሪን እንዲመራ እንደማድረግ ነው አሉን። ሶፍትዌሩ የሰፈራችንን ጠባይ ያጠናው በዓመቱ እጅግ በተጨናነቀው ሳምንት፣ በጥምቀት ሰሞን መሆኑን ሲጨምሩልን አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ። በጥምቀት ሰሞን፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው፤ እኛም የምንከፍተው ለድንገተኛ ሕመምተኛ ብቻ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ፣ ታቦት አጅቦ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቪዲዮ በቀጥታ ያስተላልፋል። ሶፍትዌርዎም ይህን አይቶ የዚህ አካባቢ ሰው ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ቆሞ ቪዲዮ የሚልክ፣ ቢሮው የማይከፈት ሕዝብ ነው ብሎ ደመደመ። አጭሩንና ሰፊውን መስመር ለመንገዱ ቪዲዮ አስቀመጠ፤ እኛን «ሌሎች»ን ደግሞ በአያት አውጥቶ በቃሊቲ እያዞረ ሃያ ሁለት ያደርሰን ጀመር። ከመገናኛ ሃያ ሁለት ለመድረስ በቃሊቲ የሚዞር ሰው ቢያጋጥመኝ፣ ጭንቅላቱን ታሟል ብዬ ምስል አነሳው ነበር። ታቦቱ ወደ መንበሩ ከተመለሰ ወራት አልፈዋል፤ ክረምቱም ገብቷል። እርስዎ ግን መንገዱን እንዳስከበሩ እስከ ዛሬ ይጠብቁታል። ለእምነትዎ ያለዎትን ጽናት ሳላደንቅ አላልፍም።

ሁለተኛ። ደሪቱን አያውቋትም። ዛሬ የቦሌ ፎቅ የቆመበትን መሬት ያርሱ ከነበሩ ቤተሰቦች የተወለደች፣ መገናኛ ሹሩባ ሠርታ ልጇን ያሳደገች፣ የእኔንም ፀጉር ለዓመታት የሠራች ሴት ናት። ግንቦት ላይ ፌናን የተባለችው ልጇ ደግፋ ስታመጣት አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሟል፤ ቀኝ እጇም አልታዘዝ ብሏታል። ወዲያው ምስል አነሳን፤ ወዲያው ላክን። መላኩን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው መስመር ግን ጥቂት ሄዶ ቆመ። ስደውል አንዲት ትሑት ሠራተኛዎ «ኔትወርኩ እኮ ስማርት ነው እትዬ፣ መንገዱን ራሱ ይፈልጋል፤ ትንሽ ይታገሱት» አለችኝ። ታገሱ ስላላችሁኝ ታገስኩ። በመጨረሻ ምስሉን በፍላሽ ገልብጬ ወጣሁ፤ መኪናው ሁሉ ተቆላልፎ ስለነበር እኔ ሴትዮዋ፣ በዚህ ዕድሜዬና በዚህ ክብደቴ፣ እስከ ሃያ ሁለት ሮጥኩ። ዶክተር አረጋዊ ምስሉን ከፍላሹ አንብቦ፣ የረጋው ደም የሚሟሟበት መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓት ማለፉን ከነገረኝ በኋላ፣ የእርስዎ መስመር ምስሉን አደረሰ። ምንም ሳይጎድልበት፣ ጥራቱ እንደተጠበቀ። ስለ ጥራቱ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ። ከብዙ ልመና በኋላ የላኩልን ኢንጂነር ቴድሮስ ጨዋ ልጅ ነው። ላፕቶፑን ከፍቶ ለጥምቀቱ ቪዲዮ የተያዘው መስመር ባዶውን መሆኑን ዓይኔ እያየ አሳየኝ። መስመሩን ለማስለቀቅ የእርስዎ ፊርማ ብቻ እንደሚያስፈልግ፣ ይሁን እንጂ ፊርማውን የሚጠይቅ ሠራተኛ «ሲስተሙ አልገባውም» እየተባለ በስብሰባ እንደሚሳቅበት አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። በማግስቱ ከቢሮዎ የደረሰኝ መልስ ሲስተሙ በታቀደው መሠረት እየሠራ መሆኑን፣ ችግሩም የእኛ ዕቃ መሆኑን ይገልጻል። አገልግሎታችን ምን ያህል አስደሰተዎት የሚል የስልክ መልእክትም ተከትሎ መጥቷል። ምላሼ ይህ ደብዳቤ ነው።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ አልቋልና ይቅርታዎን እለምናለሁ። አንጀቴ አርሯል። አንዲት ሴት እንጀራዋን የምትበላበት እጅ የቀረባት ምንም የማይደረግ ነገር ስለነበረ ሳይሆን፣ እርስዎ ድግስ ባበሉበት ሥራ ተሳስቻለሁ ማለት ስላሳፈረዎት ነው። ካሳ አልጠየቅሁም። የምጠይቀው መስመሩን ለሕሙማን እንዲለቁና ለደሪቱ ጥፋቱ የእኛ ነው ብለው በአንደበትዎ እንዲነግሯት ብቻ ነው። ነገም ሌላ ሰው ተደግፎ በሬን ይገፋል፤ እኔም ሁልጊዜ መሮጥ አልችልም።

ለሶፍትዌርዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለብዕርዎ አንዲት ፊርማ የምታህል ብርታትን እየተመኘሁ፣ ከመገናኛ እስከ ሩዋንዳ፣ በቃሊቲ ሳልዞር፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ማዕዛ ገብረትንሣኤ
ከ«ሌሎች» አንዷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ በእርስዎ መስመር ቢላክ ለመጪው ጥምቀት እንዳይደርስ ሰግቼ ዋናውን በሰው ልኬዋለሁ። የምታመጣልዎ ራሷ ደሪቱ ናት። በግራ እጇ ስታቀብልዎ ግን ቅር እንዳይልዎ፤ ለሰው በግራ መስጠት ነውር መሆኑን አሳምራ የምታውቅ፣ ልጇንም ያስተማረች ሴት ናት።