አሎሎውን ለገፉት ክቡር ዲን

ክቡር የመምህራን ትምህርት ፋኩልቲ ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የከንፈርዎ እብጠት ጎድሎ፣ ምግብ በቀጭን ቱቦ መምጠጥ እንደተዉ ሰምቼ እፎይ ብያለሁ።

እኔ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ልጆችን የማያስተኛ የሳይንስ ትምህርት እንዲያዘጋጁ የማማክር መምህር ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ በፖስታ አሽጌ የላክሁት ሁሉ መልስ ስላጣና፣ እርስዎ የሚመሩት የዲሲፕሊን ኮሚቴ በመጪው ሐሙስ አንዲት ተማሪዬን «ዲኑን በአሎሎ ለመግደል ሞክራለች» ብሎ ለማባረር ስለሚቀመጥ ነው። ቅሬታዎቼን በምስጋና አጅቤ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የትምህርት ዕቅዷን ስላረሙላት አመሰግናለሁ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ ከስፖርት ክፍል የተዋሰችውን የብረት አሎሎ በገመድ ከጣሪያው ታንጠለጥላለች፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ እስከ አገጯ ትስበውና ሳትገፋ ትለቀዋለች። አሎሎው ሄዶ ሲመለስ አገጯ ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ካልተገፋ ከተነሳበት አያልፍምና። ከመልቀቋ በፊት ግን ልጆቹ ምን እንደሚሆን ይገምታሉ፣ ይከራከራሉም። በእኛ አሠራር ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። እርስዎ ግን ግምት የቁማርተኛ ሥራ ነው ብለው ያንን ክፍል በቀይ ሰረዙት፤ ተማሪዬም ታዛዥ ስለሆነች ተወችው።

ሁለተኛ፣ ሳይጠሩ፣ ሁለት ጥበቃዎች አስከትለው ተማሪዬ ማስተማር የምትለማመድበትን የልጆች ክፍል ስላከበሩት አመሰግናለሁ። እሷ ዓይኗን ሳታርገበግብ ሠርታ ስታሳይ ልጆቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው የሌላ ሰው መሆኑ ከንክኖዎት ይመስለኛል፣ ኮትዎን አውልቀው በተራዎ ግድግዳውን ተደገፉ። እሷም እንዳይገፉትና ከግድግዳው እንዳይላቀቁ ለመነችዎት። አንድ ዲን ከተማሪ ምክር አይቀበልምና በሁለት እጅዎ፣ ባለ በሌለ ኃይልዎ ገፉት። ሲመለስ የተሰማው ድምፅ በር በንፋስ ሲላተም ይመስል ነበር። ሁለት ጥርሶችዎ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ሸሚዝዎ እስከ ቀበቶዎ ድረስ በደም ራሰ። ለሳይንስ እንዲህ የደማ ዲን ከዚህ በፊት አልነበረንም።

ሦስተኛ፣ አፍዎ ደም እንደሞላ ከሰሌዳው ሥር የእንጨቱን ማስመሪያ አንስተው ጭንቅላቷን መቷት። ማስመሪያው ለሁለት ሲሰበር፣ በሹሉ ስባሪ ጆሮዋን ደገሟት። ጥበቃዎችዎ በፀጉሯ ጎትተው በደረጃው ሲያወርዷት ጭንቅላቷ ከእያንዳንዱ እርከን ጋር ሲጋጭ ክፍል ውስጥ ይሰማ ነበር። ልጆቹ ከዴስክ ሥር ገቡ፤ አንዳንዶቹ ሱሪያቸው ላይ ሸኑ። እኔ መሀል ስገባ አንደኛው ጥበቃ በዱላ የቀኝ እጄን አንጓ ሰበረው፤ ይህ ደብዳቤ የሚገባዎትን ያህል ያልረዘመው በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። የእሷ ግራ ጆሮ ከእንግዲህ እንደማይሰማ ሐኪሙ ነግሮናል። አስተማሪ ለመሆን የቀራት አንድ ወር ነበር።

አራተኛ፣ ማስመሪያው የክፍሉ ብቸኛ ማስመሪያ ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ኮሚቴው ሐሙስ እዚያው ክፍል ይቀመጥ። ሠራተኞቹ ሊነኩት ስለፈሩ አሎሎው እንደተንጠለጠለ ነው። መጀመሪያ ተማሪዬ ግድግዳውን ተደግፋ ትልቀቀው፤ ከመታት ያባሯት። ቀጥሎ እርስዎ በቦታዋ ይቁሙ፣ አሎሎውን አገጭዎ ላይ ይዛ የምትለቀውም እሷ ትሁን። ጆሮዋን ያጠፉባት ልጅ መሆኗን አውቃለሁ። እንደማትገፋው ግን እኔ ዋስ ነኝ።

ለቀሩት ጥርሶችዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ በሄዱበት ሁሉ ጀርባዎ ከግድግዳ እንዳይርቅ እያሳሰብኩ፣ በአንድ እጄ እጅ የምነሳዎ፣

የተማሪዎች አማካሪ መምህር

ማሳሰቢያ፦ አሎሎውን ሲይዙ ፊት ወንበር ላይ አንዲት ልጅ እጇን አንስታ ነበር፤ እርስዎም እንድታወርድ አዘዟት። ምን ልትል እንደነበር በኋላ ጠየቅኋት። «ጋሼ ከገፉት መልሶ ይመታቸዋል ልል ነበር» አለችኝ። ሐሙስ ለምስክርነት ትመጣለች። እጇን ካነሳች፣ እባክዎ ይፍቀዱላት።