ጽዋሽን የሚቀበል ቤት

ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የሄድሽው ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ቆሞ ሳለ ነበር፤ የዘንድሮውም ታጭዶ፣ ተራግፎ፣ ተጭኖ አለቀ። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት የምነግርሽ ጠፍቶኝ አይደለም። ደስ የሚልሽ ነገር እስኪገኝ ልጠብቅ ብዬ ነው። አልተገኘም። እንግዲህ ያለውን እንዳለ ልንገርሽ።

ቤታችን ጠበበ። የኛ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ጠበበ። አንቺ በሄድሽ በአምስተኛው ወር ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ሰዉ በአውቶቡስም በጭነት መኪናም እየሆነ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ፤ መጀመሪያ ከካርቱም፣ በኋላ ከጀዚራ። ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ የገበያው በረንዳ ሞላ፣ ከዚያ ወደየሰው ግቢ ተገባ። ልጃችን መሠረትም የመጣችው ከነሱ ጋር ነው። ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ በሩ ላይ ስትቆም ልጄ መሆኗን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ባሏ እዚያው ቀረ፤ እስካሁን ወሬው የለም። ልጆቹ ያንቺን ስም ያውቃሉ፤ ትልቋማ «አያቴ የት ነበር የምትተኛው?» ብላ ትጠይቀኛለች። ቦታውን አሳይቻት ነበር። አሁን ላሳያት ብልም አልችልም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

የኔም ሥራ ተለወጠ። ግንበኛነቴን አልተውኩም፤ ነገር ግን ቤት መሥራት ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። አሁን የምሠራው መክፈል ነው። ባለቤቶቹ ይጠሩኛል፣ አንዱን ክፍል ሁለት፣ ሁለቱን አራት አደርጋለሁ። በፊት ጡቡን አጋድሜ ነበር የምደረድረው፤ ግድግዳው ስንዝር ይወፍራል፣ ድምፅ አያሳልፍም። አሁን የሚሉኝ ሁሉም አንድ ነው፤ «ጡቡን በጎኑ አቁመው።» በጎኑ ሲቆም ግድግዳው አራት ጣት ቢሆን ነው። ያቺ የተረፈችው ለእግር መዘርጊያ ትሆናለች። ከማዶ የሚያስነጥሰውን ሰው «ይማርህ» ማለት ግን ይቻላል።

ከማርያም ማኅበርተኞችሽ መካከል የስምንቱን ክፍል የከፈልኩት እኔ ነኝ። ማኅበሩን የሚመሩትን ሙሴያችሁን እትዬ ብርቄን ታስታውሻቸዋለሽ፣ ቀልዳቸው አይነጥፍም። የሳቸውን ክፍል ስከፍል በር ላይ ተቀምጠው «አንተ ካሣ፣ ልክ ስትወስድ ሆዴን አትርሳው፤ እሱም ተከራይ ነው» እያሉ ያስቁኝ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ገብተው ቆሙና እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ። ሁለቱም እጃቸው ግድግዳ ነካ። ያን ጊዜ አልቀለዱም።

ማኅበሩ እንዴት እንደተጀመረ ሰሞኑን ደጋግሜ አስባለሁ። መፋዛ አካባቢ ማሽላ ልናርም የወረድን ዓመት ነው። አንቺ ከመተማ ማዶ በነጠላሽ ጠቅልለሽ ያመጣሻትን የሸክላ ጽዋ አውጥተሽ «ሃያ አንድ እኮ ነው ዛሬ» አልሽ። ጠላ እዚህ አገር ጣጣ እንዳለው ስለሰማሽ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ መጠጥ በጥብጠሽ ሞላሽባት። ከቆመ የጭነት መኪና ጥላ ሥር አሥራ ሁለት ሰው ክብ ሠርቶ ተቀመጠ፤ አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ተራ። ያኔ አንዳችንም ቤት አልነበረንም። ቦታ ግን ነበረን።

በታመምሽ ጊዜ የለመንሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ልጃችን አልነበረም፣ ስለ አገር ቤትም አልነበረም። «ጽዋዬ ከእጅ ወደ እጅ ትሂድ፤ አንድ ቤት ገብታ እንዳትቀር» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። በስምሽ ማኅበርተኛ ሆንኩ። የመጀመሪያው ዓመት ተራችን ሲደርስ በግቢው ራኩባ ሥር ምንጣፍ ዘርግተን አስተናገድን፤ ከዳሱ ጥላ የተረፈ ሰው አልነበረም። በሁለተኛውም ዓመት እንደዚያው። ሰው ሲበላ፣ ሲመርቅ፣ ስምሽን ሲጠራ አየሁና ቃሌን የጠበቅሁ መሰለኝ።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። ባለፈው ሰሞን ጽዋውን ለመቀበል ተራው የአበበች ነበር። ልትነሣ አለችና ቀረች። ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ክፍሏን ከሁለት ሳምንት በፊት የከፈልኩት ራሴ ነኝ፤ አራት ሰው ከተቀመጠ አምስተኛው በሩን እንደሚዘጋ አውቃለሁ። አፍሬ ይሁን ኮርቼ እንጃ፣ ተራዬ ሳይደርስ ብድግ ብዬ «በጥሩ ስም እኔ ልቀበል» አልኩ። ግቢው ቢያዝም ክፍላችን ገና አልተከፈለም ብዬ ነው። ሁሉም እልል አለ። ጽዋ ተቀብሎ ሳይደግሱ መመለስ እንደሌለ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ፤ የመለሰ ቤቱ አይቀናም ትይ ነበር።

በዐሥረኛው ቀን የግቢው ባለቤት ሐጃ ዘይነብ አስጠሩኝ። «ኡስታ» ይሉኛል እንደ ድሮው፣ ባለሙያ ማለታቸው ነው። ያን ቀን ግን ከስሜ ቀድሞ «መዓለሽ» የሚለው ይቅርታቸው ወጣ። የወንድማቸው ቤተሰብ ዘጠኝ ሆኖ ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥሮ ከረመ፤ ራኩባው የነሱ ከሆነ ቆየ። ምራቲቱ በዚያ ሙቀት አራስ ናት። «ክፍልህን አካፍለኝ፤ የምትይዘውን ግማሽ አንተ ምረጥ» አሉኝ። አንቺ አልጋ ላይ ሳለሽ በማንኪያ ውኃ ያጠጡሽ እሳቸው ናቸው። ከተገነዝሽ በኋላም ሦስት ቀን ከኛ ጋር መሬት ተቀምጠዋል። ምን ብዬ እምቢ ልበል?

ሌላ ግንበኛ እንዳይነካው ብዬ ራሴ ሠራሁት። ገመዱን ስዘረጋ አንዱ ወገን መስኮቱ ያለበት ነው፤ ሌላው አንቺ የሰቀልሻት የማርያም ሥዕል ያለችበት። ሥዕሏን መረጥኩ። መስኮቱ ለነሱ ደረሰ። ግድግዳው የቆመው ልክ አልጋሽ በነበረበት ላይ ነው። ለልጅቷ ቦታሽን ማሳየት አልችልም ያልኩሽ ለዚህ ነው፤ ጡብ ተደርድሮበታል። እኔም በጎኑ አቆምኩት። ለሌላው ሰው የምሠራውን ለራሴ ማሳመር አልሆነልኝም።

ሳጥንሽን የሚያስቀምጡበት ስላልተገኘ ሰጠነው። ቀሚሶችሽን መሠረት አጣጥፋ ትራስ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ልጆቹ እሱን ተንተርሰው ይተኛሉ። አልጋዎቹ ቀን ቀን ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፣ ሲመሽ ይዘረጋሉ፤ ሲዘረጉ በሩ አይከፈትም። አንድ ሰው መነሣት ሲፈልግ ሁላችንም እንነሣለን። ከሁላችንም ሰፊ ቦታ ያለሽ አንቺ ነሽ። መቃብርሽ ጋ ስመጣ በግራም በቀኝም የሚያስቀምጥ ሣር አለ፤ አንዳንዴ ልጆቹ እንዲሮጡ ብዬ ይዣቸው እመጣለሁ። እንዳትቀየሚ።

ሃያ አንድ ደረሰ። ለማኅበርተኞቹ አልነገርኳቸውም፤ አንድ ነገር ይሆናል እያልኩ ቀን ገፋሁ። እትዬ ብርቄ ቀድመው ደረሱ። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩና «ቤቱ ነው የጠበበው ወይስ እኛ ነን የወፈርነው?» አሉ። ሳቅን። ከዚያ ሰዉ መጣ፣ ስድስት ሲገባ ሞላ፤ የቀሩት መተላለፊያው ላይ ፀሐይ ያዛቸው። አቆራርጠን በሁለት ዙር እናብላ ብትል መሠረት፣ እትዬ ብርቄ «ማርያምን እያቋረጡ አያከብሯትም» ብለው ከለከሉ። ይህን ጊዜ የማዶዋ አራስ ልጇን ታቅፋ ብቅ አለችና «ተፈደሉ፣ ግቡ» ብላ የነሱን ግማሽ ከፈተች። አልጋቸውን አውጥተው ደጅ አቆሙት። ስድስቱ እዚያ ገቡ።

እንዴት እንደነበር ብታዪ። ያው የኛው ክፍል ነው፤ ያው አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ መካከላችን አራት ጣት ጡብ አለ። እትዬ ብርቄ በዚህ በኩል አቡነ ዘበሰማያት ሲጀምሩ ከማዶ ይቀበላሉ። «ነፍስ ይማር፣ ጥሩወርቅን» ሲሉ አሜን የሚለው ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። ሕፃኑ አለቀሰ፣ አንዷ ስታባብለው ይሰማል። ትሪውን በመተላለፊያው እያዞርን አበላን። እኔ በልቤ ተስፋ አደረግሁ፤ እውነቴን ነው፣ ይህ ከሆነ ሁሉም ይሆናል አልኩ።

ከርከዴው ተዳረሰና ጽዋዋን የሚቀበል የሚነሣበት ጊዜ ሆነ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ሁለቱም ወገን ይታየኛል። ማንም አልተነሣም። አበበች ነጠላዋን ታሻሻለች። አንዷ ወደ ፋው ልትሄድ ነው፣ እዚያ እርሻው ላይ ሥራ አለ ብለዋታል። አንዱ የሚያድርበት መጋዘን ነው፤ እንግዳ ማስገባት ተከልክሏል። የቀሩትን ቤት በስንዝር አውቀዋለሁ፤ የት ጋ በሩ እንደሚጋጭ፣ የት ጋ ሰው መቀመጥ እንደማይችል አውቃለሁ። «ማን ይቀበላል?» ብዬ መጠየቅ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ግድግዳቸውን ያቆምኩ ሰው በምን አፌ ልጠይቅ?

በመጨረሻ እትዬ ብርቄ ተነሡ፤ ሊቀበሉ መሰለኝ። ጫማቸውን ፈለጉና «ካሣ፣ ጽዋዋ እዚሁ ጥሩ ቤት ትረፍ» አሉኝ። ሲወጡ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት! ይዤ አነሣኋቸው። ሌሎቹም አንድ በአንድ ስመውኝ ሄዱ። ለሚቀጥለው ወር ማንም ምንም አላለም።

ቃሌን አልጠበቅሁም፣ ጥሩዬ። ጽዋዋ አንድ ቤት ገብታ ቀረች፤ ያውም ቤታችን። መሠረት ልጆቹ እንዳይሰብሯት ብላ ከሥዕሏ ሥር በገመድ አንጠልጥላታለች። ነገሩ ሲሻሻል ይቀጥላል ትለኛለች። አንገቴን እነቀንቅላታለሁ። እኔ ግን ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ብዙ ክፍል ከፍያለሁ፣ መልሰህ አፍርሰው ብሎ የጠራኝ አንድም ሰው የለም።

የሞተ ሰው በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ መታሰቡ ይበቃዋል የሚሉ አሉ። እኔ አይበቃም ባይ ነኝ። አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጦ በአንድ ድምፅ ነፍስ ይማር ማለት ነበረበት፤ ላንቺ የሚገባሽ እሱ ነበር። ማድረግ የምችለውን ብቻ ቃል ልግባልሽ፤ በየወሩ ሃያ አንድ ቀን ጽዋዋን አውርጄ አጥባታለሁ፣ ከርከዴ እቀዳባታለሁ፣ ስምሽን እጠራለሁ። የማዶው ሕፃን ተኝቶ ከሆነ ቀስ ብዬ እጠራለሁ። ዕድሜ እስካለኝ አንድ ወር አላጓድልም። ከኔ በኋላ ስላለው ግን ቃል የምገባልሽ ነገር የለኝም።

ባልሽ ካሣ
ገዳሪፍ