ፍርግርጉን ማን ፈታው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል። አራተኛ ፎቅ በእግር... ጉልበቴ አኩርፎኛል።

የአቡኪዋን ፋይል እንደገና ከፈትኩ። ዳቦ ቤት ስትሠራ የሊጥ ማሽን ሁለት ጣቷን የቆረጠባት ሴት። ሕክምናዋንም የቀረባትን ደመወዝም የእኛ ኢንሹራንስ ከፍሏል። የእኔ ዋና ሥራ ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥፋቱ የሌላ ሰው ከሆነ ያንን ሰው ፈልጎ ወጪውን ማስመለስ። ቢሮ ውስጥ "ምስጥ" ይሉኛል፣ ወረቀት ስለምበላ። ይበሉኝ።

ማሽኑ አፉ ላይ እጅ እንዳይገባ የብረት ፍርግርግ ነበረው። በአደጋው ቀን አልነበረም። ማን ፈታው? ማሽኑን የሚጠግነው ድርጅት "ራሷ ናት" ይላል። ይርጋው ጥቅምት 28 ያልቃል። ከዚያ በኋላ ብጮህም የሚሰማኝ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ማሽኑን ዞርኩት፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ሥሩ ሳይቀር ተንበርክኬ አየሁ። የለም። ጋጋሪው፣ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ ግዙፍ ሰውዬ፣ ስለ ማሽኑ ብረት ብጠይቀው "እኔ የማሽን ብረት አላውቅም፣ የማውቀው ምድጃ ነው" አለኝ። ትኩስ ዳቦ አቀበለኝ። በላሁ። ለቤትም ገዛሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
አቡኪዋን ቤቷ አገኘኋት። እጇን ሻርፗ ውስጥ ደብቃለች።
"ጠዋት ስገባ ፍርግርጉ አልነበረም። እንደ ልማዴ ዳሩን ልጠርግ እጄን ሰደድኩ... ባሌ አሁን ቢላ እንኳ አያስነካኝም። ልጄን 'እናትሽን ከምድጃ አርቂያት' ይላታል። የገንዘቡን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ግን ቀልበ ቢስ አይደለሁም። ሃያ ዓመት አቡክቻለሁ!"
አመንኳት? ግማሽ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ሦስት ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ። የጥገና ድርጅቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ተሳስቶ ስልኩን አነሳ።
"እመቤቴ፣ ማስረጃ አለዎት?"
"እየፈለግኩ ነው።"
"ሲያገኙ ይደውሉ እሺ?"
ሳቁን ሰምቻለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17
ዳቦ ቤት፣ ለሦስተኛ ጊዜ። ምንም። ዳቦ ግን አለ። "ለምርመራ ነው" ብላት እህቴ "ለሆድሽ ነው" አለች። ታላቅ እህት መቼም ምሕረት የላትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20
ቁርስ ላይ እህቴ ዳቦውን ገለበጠችው።
"ይሄ ዳቦ ምን ላይ ነው የተኛው?"
"መደርደሪያ ላይ ነዋ።"
"የምን መደርደሪያ? እይው እስቲ።"
አየሁት። ከሥሩ የብረት መስመር ታትሞበታል። ቀጥ ያለ አይደለም፣ የተጠማዘዘ፣ ግማሽ ክብ... የማሽኑን አፍ አስታወስኩ። ተነሳሁ። "ጫማሽን!" ብላ ጮኸችብኝ። ለካ በቤት ጫማ ነው የወጣሁት።

ዳቦ ቤቱ ውስጥ፣ ከምድጃው ጎን፣ ሁለት ሳጥን ላይ ተጋድሞ፣ ዳቦ ተሸክሞ ያበርዳል። ፍርግርጉ! የእኔ ፎቶ ላይ ሳይቀር አለ። ሦስት ጊዜ ከላዩ አንስቼ በልቻለሁ። ምስጥ ተብዬዋ!

ጋጋሪውን ያዝኩት። "ይሄማ የጥገናው ሰውዬ ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ቅባት ሊቀባ ፈቶ 'ያዝልኝ' ብሎ የሰጠኝ ነው። ሳይገጥመው ሄደ። ዳቦ ለማብረድ ደግሞ ተወዳዳሪ የለውም።"
"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"
"እርስዎ የጠየቁኝ የማሽን ብረት። ይሄ የዳቦ ነው።"
ከዚያ ራሱ የተናገረውን የሰማ መሰለኝ። ዳቦዎቹን አንድ በአንድ አነሳ። ዱቄት ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። "ያቺ ምስኪን..." አለ። ምስክርነቱን ሳልጠይቀው ፈረመልኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24
ፍርግርጉን ታክሲ ውስጥ ጭኜ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ። ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩለት። ፍርፋሪው አልረገፈም።
"ብሎኖቹ ያለ ልዩ መፍቻ አይፈቱም። መፍቻው ያለው እናንተ ዘንድ ብቻ ነው፤ መመሪያችሁ ላይ ጽፋችሁታል። ቀዳዳዎቹን ይዩ፣ ጭረት እንኳ የለባቸውም። በጥርሷ ፈታችው?"
የዚያን ቀን ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27
ይርጋው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀር አመኑ። ወጪውን ሊመልሱ፣ ለእሷም የጉዳት ካሳ ሊጨምሩ ፈረሙ። ወዲያው ደወልኩላት።
"የገንዘቡን ይተዉት። ጽፈውታል?"
"ጽፈውታል። 'ፍርግርጉን ፈትቶ ሳይገጥም የሄደው የእኛ ሠራተኛ ነው' ይላል።"
"ቆይ፣ ባሌን ልጥራው... ይድገሙት። ጮክ ብለው።"
ጮክ ብዬ ደገምኩት። ቢሮው በሙሉ ሰማ። ደስ አለኝ፣ እንባዬም መጣ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ ዳዋዋ ስድስት ወር ተደብድባለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 1
ኮፒ ልትወስድ መጣች። ለባሏ ሁለት ጠየቀች፣ አንዱን መጣሉ አይቀርም ብላ።

ፋይሉን ልዘጋ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ሆስፒታል፣ አልጋዋ አጠገብ ሆኜ የሞላሁት ቅጽ። "የአደጋው ምክንያት፦ የሠራተኛዋ አለመጠንቀቅ።" የራሴ እጅ ጽሑፍ። የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የጠየቅኩትም የለም። አዙሬ አሳየኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት።
"አውቃለሁ" አለች። "ሲጽፉ አይቼዎታለሁ።"
"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"
"ብናገር ያምኑኝ ነበር?"
...አላምናትም ነበር። ዓይኗ እያየ ሰረዝኩት፣ ፈረምኩበት።

ከሰዓት አዲስ ፋይል መጣ። ቀለም ቀቢ፣ ከመሰላል የወደቀ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀኑን ሞላሁ። "ምክንያት" የሚለውን ባዶ ተውኩት። ነገ ሄጄ ሰውየውን እጠይቀዋለሁ።