ጋሽ ልክ፦ የኢንጀክተር መጠን መራጩ ወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ብዙዎቻችሁ ጋሽ ልክ እያላችሁ የምትጠሯቸው ታናሽ ወንድማችን፣ ከብረት ሠሪ አባታቸውና ከአትክልት ሻጭ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በድልድዩ አጠገብ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ አባታቸው ሲያርፉ አቋረጡ። በ1964 ዓ.ም. የከባድ መኪና ጋራዥ ገብተው ዕቃ ከማጠብ ጀመሩ። ብዙ አይናገሩም ነበር። ሞተር ሲነሳ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

በ1976 ዓ.ም. ልብስ ሰፊዋን ባለቤታቸውን አግብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ከፎቅ የሰው ልክ ሲወስዱ፣ እርሳቸው ከታች በከፈቱት ጋራዥ የሞተር ልክ ይወስዱ ነበር። "እኔ የለካሁት ሰው ወፍሮ ይመጣብኛል፤ የእሱ ሞተር አይወፍር፣ ተመችቶታል" እያሉ ባለቤታቸው ይቀልዱባቸው ነበር።

ኢንጀክተር ቤንዚን ወደ ሞተሩ የሚረጭ ትንሽ ዕቃ ነው። ሞተር ጉልበት ሲጨመርለት ጥማቱም ይጨምራል፤ የፋብሪካው ኢንጀክተር አይበቃውም። ካነሰ ሞተሩ በጠማው ሰዓት ግሎ ፒስተኑ ይቀልጣል። ከበዛ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሲሠራ ያንቀዋል፤ ጥቁር ጭስ ያስተፋዋል። ደንበኛ መጥቶ "ጋሼ፣ ትልቁን ግጠሙልኝ፤ ትልቅ ምን ይጎዳል?" ሲላቸው፣ "ለሕፃን በጭልፋ ታጎርሳለህ?" ይሉታል። መጀመሪያ የሚፈልገውን ጉልበት ይጠይቁታል። ለዚያ የሚያስፈልገውን ቤንዚን ለሲሊንደሮቹ ያካፍላሉ። ኢንጀክተሩ ከጊዜው ከአምስት እጅ አራቱን ሠርቶ አንዱን እንዲያርፍ አድርገው ይመርጣሉ። ለራሳቸው ግን ያችን አንድ እጅ ዕረፍት አላስቀሩም።

በ2007 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸው መኪናው ላይ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አስገጥሞ፣ ትልልቅ ኢንጀክተሮች ይዞ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ ጋራዡ መጣ። ወንድማችን ጎንበስ ብለው ሞተሩን አዩና "መጀመሪያ ልክህን እወቅ" አሉት። የሚፈልገውን ጉልበት ቁጥር መጠየቃቸው ነበር። ከጓደኞቹ አንዱ ሳቀ። ልጁም በሰው ፊት የተዋረደ መሰለው። "እሺ አባዬ፤ ልኬን አውቄያለሁ" ብሎ ወጣ።

ወንድማችን ምን እንዳጠፉ አልገባቸውም። ሲገባቸውም "እኔ የሞተሩን ነው ያልኩት" ከማለት በቀር፣ ሰው ለመላክ ኩራት ያዛቸው። ልጅም የአባቱ ልጅ ነውና አልተመለሰም። ሌላ ከተማ ጋራዥ ከፈተ፤ አገባ፤ ወለደ። ወንድማችን ከዚያ ወዲህ ደጅ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ብድግ ይሉና፣ ሞተሩን አዳምጠው ተመልሰው ይቀመጡ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሕክምናው ዕድሜ ቀጠለላቸው፤ ድምፃቸውን ግን ወሰደው።

ልጃቸው የተመለሰው ዘንድሮ ነው። አንድ ደንበኛ ትልቅ ኢንጀክተር ይዞ ወደ ልጁ ጋራዥ ቢመጣ፣ ሳያስበው "መጀመሪያ ልክህን እወቅ" ብሎት ኖሯል። የሰውየው ፊት ሲጠቁር አየ። መፍቻውን አስቀመጠ። በማግስቱ ሚስቱንና ልጁን ይዞ አባቱ ቤት ደረሰ።

አልጋቸው ሥር ተንበርክኮ "አባዬ፣ ያኔ የሞተሩን ነበር እንዴ?" አላቸው። ወንድማችን የሚመልሱበት ድምፅ አልነበራቸውም። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ከዚያ የልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር። እንቅልፍ እስኪወስዳቸው አልለቀቁትም።

ወንድማችን ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታላቅ ወንድማቸውንና አንዲት የልጅ ልጅ ትተውልን ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው ጽናት፣ ለልጆቻቸው መጽናናት ይስጥልን።

የልጅ ልጃቸው ስድስት ዓመቷ ነው። የአያቷን ድምፅ አንድም ቀን አልሰማችም። የሰማችሁ ሁሉ፣ እንዴት ይናገሩ እንደነበር ንገሯት።