ብረቱንም ጠይቂው

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ደህና ነን። አይዳሆን ታውቃታለህ፤ ሚያዝያ ገብቶም በረዶው አልለቀቀንም።

ባለፈው ሳምንት የምሠራበትን የቶርሰንን የጦር መሣሪያ ጥገና ሱቅ መደርደሪያ ሳጸዳ፣ ያ የፈነዳው የአባባ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከተረፉት ጥይቶች ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ለካ ያን ጊዜ ቶርሰን ጋ ተጥሎ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር! ጥይቶቹን ቤት ውስጥ ባሩድ የሞላሃቸው አንተ ነህ። አባባም "ባሩድ አብዝተህ ሁለት ጣቴን በላህ" ያለህ ቀን እንደወጣህ ቀረህ።

መልሼ ልጠቀልለው ብል እጄ እምቢ አለኝ። ግን ምን ያህል አብዝተህ ይሆን? የጥይቶቹን እርሳስ እየነቀልኩ ባሩዱን አንድ በአንድ መዘንኩት። ሁሉም እኩል! የባሩድ ልክ የሚነግረውን የሱቁን መጽሐፍ ብገልጥ፣ የሚያመጡት ግፊት ለዚያ ጥይት ከተፈቀደው ጣሪያ በጣም በታች ነው። እንዲያውም ስትሞላ ፈራ ተባ ያልክ ትመስላለህ።

"ታዲያ ምን አፈነዳው?" አልኩት ቶርሰንን። ሽማግሌው ቀና እንኳ ሳይል "ጥይቱን ብቻ ነው እንዴ የምትጠይቂው? ብረቱንም ጠይቂው እንጂ፣ አንቺ ልጅ!" አለኝ።

ጠየቅሁት። ጥይት ከሚጎርሱት ስድስት ቀዳዳዎች ሦስቱ አልተቀደዱም፤ ለካኋቸው። የፋብሪካ ልክ አይደሉም። ወፈር ያለ ጥይት እንዲጎርሱ አንድ ሰው በመሰርሰሪያ አስፍቷቸዋል። የቀረው ግድግዳ ከጥፍሬ ብዙም አይወፍርም። መጽሐፉ የሚናገረው ብረቱ ስላልተነካ ሽጉጥ ነው፤ ይሄኛው ግን ያንተን ልዝብ ጥይት እንኳ ሊችል አይችልም ነበር። ውስጡ ያለውን ጭረት በማጉያ መነጽር አየሁት። ጥርሱ የተሸረፈ መሰርሰሪያ ነው። ያ ጋራዣችን ውስጥ ያለው፣ እኔና አንተ እንዳንነካው አባባ የከለከለን።

ማታ ራት ላይ ብረቱን ከድንቹ ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩት። አባባ ትኩር ብሎ አየው። "ማን ንኪ አለሽ?" አለኝ። "ማንም" አልኩት። ምግቡንም አልጨረሰም። እኔም ተናድጄ ሳህኑን አላነሳሁለትም። ሊተኛ ሲሄድ በሩ ላይ ቆመና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ "አድራሻው አለሽ?" አለኝ።

ከስሜ በታች ግማሽ ገጽ ክፍት አድርጊልኝ ብሎኛል። ምን እንደሚጽፍ አላውቅም፤ ሳላነበው ነው የማሽገው።

አምላክ ደጅህን ይጠብቅልህ፤ በደህና ያገናኘን።

ታናሽ እህትህ