እማዬ የለበደቻቸው የኮሚክ መጽሔቶች

ጳጉሜን 2፣ ካዛንቺስ

ከኦሎምፒያ ስመለስ እማዬ ሳሎን ቁጭ ብላ ትምህርት ሊከፈት ነው ብላ የታናሽ እህቴን ደብተሮች ትለብዳለች። ከጎኗ የተቀዳደደ ፕላስቲክ ተከምሯል። የኔ ፕላስቲክ! ስንት ዓመት ከነማሸጊያቸው ያስቀመጥኳቸውን በሥዕል የሚተረኩ የኮሚክ መጽሔቶች ሁሉ አውጥታ በአሮጌ ካላንደር ለብዳቸዋለች፤ በፕላስተር አጣብቃ! እንደ ደብተር ስሜንና «የትምህርት ዓይነት» የሚለውንም በእስክርቢቶ ጽፋባቸዋለች።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? የሚሰበስቡ ሰዎች ደህና ዋጋ የሚሰጡት እኮ ላልተከፈተ ነው!»

«ውይ፣ በሞትኩት! እንዳይበላሹብህ ብዬ እኮ ነው» አለች፣ እሷም ክው ብላ።

የተቀዳደደውን ፕላስቲክ መልቀም ጀመርኩ። እስክርቢቶዋን እንደያዘች ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። «የትምህርት ዓይነት የሚለው ላይስ ምን ልጻፍ? ስለ ምንድነው የሚያወሩት?»

አንዱንም አንብቤው አላውቅም።