የጓሮዬ ጎመንና የወንድምህ መርጫ

ሙሉዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ወደማይመለሱበት ከሄድክ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ነው። ነሐሴያችን እንደምታውቀው ነው፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እኔ ደህና ነኝ። ወሬ እንደማበዛ ታውቃለህና ታገሠኝ፤ ዛሬ ደግሞ ደስ ብሎኛል፣ ማን ያስቆመኛል?

ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግ አስጠገንኩት። ትልቋ ልጃችን ፍኖተ ሰላም ከተማ ትዳር ይዛለች። ጥጃችን ጊደር ሆናለች። ጓሮውማ ጎመኑ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ዱባው አጥሩ ላይ ወጥቶ ነበር። ነበር ያልኩበትን ልንገርህ።

መሬታችንን ወንድምህ ደሴ በእኩል ያርስልኛል፤ ምርቱን ለሁለት እንካፈላለን። እግዜር ይስጠው፣ እሱ ባይኖር ጦሙን ያድር ነበር። አንተ ዳጉሳውን በወንፈል ነበር የምታሳርመው፤ ሰዉ ተደርድሮ እየዘፈነ፣ አንተ ከፊት፣ እኔ ጠላ ተሸክሜ ከኋላ። ሙሽራ ሳለሁ ላግዝ ብዬ ገብቼ አረሙን ትቼ ዳጉሳውን ስነቅል ያየኸኝ ቀን የሳቅከው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አሁን ወንፈል የሚወጣ የለም፤ ጎልማሳው ሁሉ ቡሬ ለቀን ሥራ ይሄዳል። ደሴ የአረም መድኃኒቱን በጀርባ መርጫ አዝሎ በአንድ ረፋድ ይጨርሰዋል። ማሳውንና ጓሮዬን ደግሞ የሚለያቸው አጥር ብቻ ነው።

ሐምሌ ማለቂያ ላይ ነፋስ ባለበት ቀን ረጨ። ሰነባብቶ የዱባው ቅጠል ተኮማተረ፤ የቲማቲሙ ጫፍ እንደ በግ ቀንድ ተጠማዘዘ። ጎመኑ ግን ጠርዙ ብቻ ነው የተጨማደደው። ሲያዩት የሚበላ ይመስላል፤ ክፋቱም እሱ ነው። የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ አይታው፣ "እትዬ፣ ይሄን እንዳይበሉት። ዝናብ አጥቦታል ብለውም አይመኑ" አለችኝ።

እንግዲህ ወጥመዱን እየው። የሥላሴ ማኅበር ተራው የኔ ነው፣ ያውም በፍልሰታ ጾም። የኔን ጎመን ሳይበላ የሚሄድ ማኅበርተኛ የለም፤ አንተ ራስህ "ሰዉ የሚመጣው ለሥላሴ ነው ለጎመኑ?" እያልክ ታሾፍብኝ አልነበር? ባቀርበው ሰው መርዝ ማብላቴ ነው፤ ባላቀርበው "ምነው?" ይሉኛል። ምክንያቱን ብናገር የወንድምህን ስም በሰው ፊት ማጥፋቴ ነው፤ ደሴ ከተቀየመ ደግሞ ሞፈሩን ተሸክሞ ይሄዳል። በየት ብዞር አጥር።

መጀመሪያ ለእሱው በቀስታ ነገርኩት። "እታለም ደግሞ! ይሄ ሁሉ ዝናብ እየወረደበት? ዝም ብለሽ ብዪ" ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

የማኅበሩ ዋዜማ ደሴ ጋኑን ሊያነሣልኝ መጣ። ጠላ ቀዳሁለትና እንደ ደንባችን መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩለት። ያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ! እጄ ሳይደርቅ ጓሮ ወጥቼ አንድ ለጋ የጎመን ቅጠል ቆረጥኩና መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

"ደሴዋ፣ ጠላውን የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ ቀመስኩልህ። ይሄን የቀዳኸው አንተ ነህ፤ ነገ ለሰው ከማቅረቤ በፊት ቅመስልኝ" አልኩት። እየሳቅኩ ነው ያልኩት።

ቅጠሉን ገለበጠው። የተጨማደደውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ወደ አፉ አነሣው፣ መለሰው። "አንቺ ሴትዮ..." አለና ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ።

በቃ፣ መሬቴ ጦም አደረ አልኩ። በማግስቱ ሽሮና ምስር ሠርቼ ጠበቅሁ። አልቀረም፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ሙሴው፣ "ጎመናችንስ?" አሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ደሴ ከጥግ ተነሣ። "ጎመናችሁን የጨረስኩት እኔ ነኝ" አለ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ አንገቱን ደፍቶ፣ "በነፋስ ቀን ረጭቼ መድኃኒቱ ወረደበት። እታለም አብስላው ቢሆን ኖሮ በልተነው ነበር" አለ። ሙሴው ጉርሻቸውን ያዝ አድርገው፣ "የኔም ዱባ ተጠማዝዟል" አሉ። እያንዳንዱ በየጓሮው ያለውን ያሰበ መሰለኝ።

ጎመኑን ነቅዬ ቀበርኩት፤ ለጊደሯም አልሰጠሁ። ደሴ ከእንግዲህ በነፋስ ላይረጭ፣ ከአጥሩ ሥር ያለውንም ዳጉሳ ሰፋ አድርጎ ሳይረጭ ሊተወው ቃል ሰጥቶኛል። የቀረውን መርጨቱ አይቀርም፤ ነፋስ ደግሞ ቃል አይሰጥም። ወጥመዱ ሰፋልኝ እንጂ አልተከፈተልኝም፣ ሙሉዬ። ግን መተንፈሻ አገኘሁ፤ ለዚህ ነው ደስ ያለኝ።

ያችን ሳትረጭ የተተወችውን ቁራሽ የሚያርማት ማን ነው ብትል፣ እኔው ነኝ፤ በእጄ። ከአጥሩ ሥር ባጎነበስኩ ቁጥር አስብሃለሁ። ዳጉሳውን ከአረሙ አሁን ለይቼ አውቃለሁ፤ ግን አንዳንዴ እያወቅኩ አንዲት ዳጉሳ እነቅላለሁ፤ ሳቅህ እንዳይጠፋብኝ።

ያንተው ወሬኛ